ለትንሽ ቅሬታ የሚሆን አደባባይ

ሦስት ጓደኛሞች በኒውዮርክ ከተማ ወደ አንድ የቻይና ምግብ ቤት ይገባሉ። ቦታ የሚሰጠው ሰው «አምስት፣ አሥር ደቂቃ» ይላቸዋል። ይጠብቃሉ። ከእነርሱ በኋላ የመጣ ቀድሟቸው ይቀመጣል። ከሦስቱ አንዷ ረሀብ ሲጠናባት ከማታውቀው ሰው ገበታ ላይ ልታነሣ ይቃጣታል፤ አንደኛው የሕዝብ ስልኩን ይዞ አልለቅ ባለ ሰው ይንገበገባል፤ ሌላው ደግሞ «አሞኛል» ብሎ አጎቱን ዋሽቶ የመጣበት ምሽት እንደ ዋዛ ሲያልቅበት ያያል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው ይወጣሉ። ልክ እንደወጡ ሰውየው ስማቸውን ይጠራል። ታሪኩ ይኸው ነው።

ይህ «ሳይንፌልድ» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ አንድ ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ተላለፈ። የኤንቢሲ ጣቢያ ኃላፊዎች ታሪክ የለውም ብለው ፊት ነሥተውት፣ ላሪ ዴቪድ «ሥራዬን እለቃለሁ» እስከ ማለት ደርሶ ነው ለአየር የበቃው። እስከ 1998 ድረስ በዘለቁት 180 ክፍሎች ጸሐፊዎቹ የሚመሩበት ደንብ ነበራቸው፦ ገጸ ባሕርያቱ በመጨረሻ አይተቃቀፉም፤ ከጥፋታቸውም አይማሩም።

አምና ከጨንቻ ደጋ ለሕክምና ወደ አርባ ምንጭ ለወረዱት አጎቴ ይህን ክፍል በላፕቶፕ እያሳየሁ በጋሞኛ አስረዳኋቸው። ሰውየው አጎቱን መዋሸቱን ስነግራቸው በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ብዙ ሳቁ። ከሳቃቸው ሲመለሱ ግን «ማን አስታረቃቸው?» አሉኝ።

«ማንም» አልኳቸው።

«ታዲያ ሳይታረቁ እንዴት ተበተኑ?»

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለየኝም።

በጋሞ ደጋዎች ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሜዳ ዱቡሻ ይባላል። ሽማግሌዎች መርቀው ይከፍቱታል፣ መርቀው ይዘጉታል፤ በመካከሉ ሰው ተራ በተራ እየተነሣ የልቡን ይናገራል። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ በዐለታማ ኮረብታ ላይ የምትገኘውን የኦቾሎን ጉባኤ ያጠናው ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1983 ሙሉ መጽሐፍ አሳትሞላታል። ይኸው ሰው በኋላ የአውሮፓን ፓርላማ ወደ ማጥናት ማለፉ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል፤ ሁለተኛው ጉባኤ ከመጀመሪያው ይልቅ እንዳሰለቸው እጠረጥራለሁ።

ዱቡሻ የሚሰማው የጦርና የሰላም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የድንበር ድንጋይ በአንድ ክንድ ተገፋ፤ የጎረቤት በግ ገብስ በላ፤ እገሌ እገሌን በሰው ፊት ዘለፈ። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ክብደት የሚያገኙት ጎሜ በሚባለው እምነት ነው። ጎሜ ሥርዓት ሲጣስ የሚከተል ጦስ ነው፤ በሕመም፣ በመካንነት፣ በዝናብ መጥፋት ይመጣል። መከራ በደረሰ ጊዜ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሥሩን ይፈልጋሉ፤ ማን ምን እንዳጠፋ በአደባባይ ይወጣል። ስለዚህ በሆድ የተያዘች ቂም የባለቤቷ ብቻ አይደለችም፤ የመንደሩን ዝናብ ልታስቀር የምትችል ነገር ናት። የኒውዮርክ ጸሐፊዎች ቅሬታ ትንሽ ስለሆነች ሳቁባት። የጋሞ ሽማግሌዎች ግን ትንሽ የሚባል ቅሬታ መኖሩን የሚያምኑ አይመስለኝም።

ሰሜኑም ለእንዲህ ያለው ነገር የራሱ አደባባይ ነበረው። በጥንቱ የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ በቁራኛ አብረው ይጓዙ ነበር፤ መንገደኛው በዛፍ ጥላ ሥር ዳኛ ሆኖ ይሰየማል። ተሟጋቹ በትሩን ጨብጦ፣ ኩታውን አጣፍቶ፣ ቤት እየመታ ይሞግታል፤ ማር ወይም በቅሎ ይወራረዳል፤ መንገደኛው ጉዳዩን ትቶ ያዳምጣል። የዐማርኛ ግጥም ከቅኔ ቤት ብቻ ሳይሆን ከዚህ ሜዳም ተምሯል ስል የሚቆጡኝ ወዳጆች አሉ፤ ይቆጡ። በ1950ዎቹ ዘመናዊዎቹ ሕጎች ወጥተው ሙግቱ ወደ ማመልከቻና ወደ ችሎት አዳራሽ ጠቅልሎ ሲገባ ያ ሁሉ ተውኔት ተመልካቹን አጣ። በዚያው ዘመን መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን ጽፎ የትዳርንና የቤትን ጣጣ መድረክ ላይ ማውጣቱ እንዲያው አጋጣሚ ነው ለማለት እቸገራለሁ።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» በተሰኘው ተከታታይ ኮሜዲ የአንድን ቤት የዕለት ንትርክ ሳሎናችን ድረስ አመጣልን። ለእኔ ጣዕም የእኛ የቴሌቪዥን ኮሜዲዎች ዕርቅና ምክር ያበዛሉ፤ በዚህም ሳማቸው ኖሬአለሁ። የአጎቴ ጥያቄ ግን ሐሜቴን አቀዝቅዞታል።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ውሎዬ ከወረፋ ፊት ለፊት ነው። «አንዴ ፈርሜ ልውጣ» የሚል ሰው አይጠፋም። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ አንዲት እናትን ቀድሞ መስኮቱ ላይ ሲደገፍ ወረፋው በሙሉ ዳኛ ሆነ፤ ከሳሽም፣ ጠበቃም፣ ምስክርም ከዚያው ተገኘ። ገንዘባቸውን ተቀብለው የወጡ ሁለት ሰዎች ፍርዱን ለመስማት ተመለሱ! ጎልማሳው ይቅርታ ጠይቆ ወደ ኋላ እስኪሄድ ድረስ ማንም ደረሰኙን ሊሰጠኝ አልፈለገም። የሥራ ኃላፊዬ ሰዓት ባከነ ብሎ አዘነ። እኔ ግን በሆዴ የአጎቴን ልጆች አየሁ።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፤ ብዙዎችም ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ሊበቀሉ በቁጣ ወጡ። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ቆሙ፤ ተመለሱም። ምስሉን አገር አየው፤ ብዙ ሰው ተአምር አለው።

ተአምር መባሉ አይዋጥልኝም። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ጎሜ ነው፤ ወጣቱ ይህን ያወቀው በዚያ ቀን አይደለም። ስለ በግና ስለ ገብስ፣ ስለ ድንበር ድንጋይና ስለ ክፉ ቃል ሰው ሲታረቅ እየሰማ አድጓል። ያ ሣር ስለ ገብስ ተይዞ ባያውቅ ኖሮ ስለ ደም በተያዘበት ቀን ማን ከሣር ይቆጥረው ነበር?

አጎቴ ወደ ጨንቻ ከመመለሳቸው በፊት በነበረው ምሽት የዚያን ክፍል መጨረሻ እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ከፈትኩላቸው። ሰውየው ብቅ ብሎ ስማቸውን ይጠራል፤ የሚመልስለት የለም። አጎቴ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ጥቂት ዝም አሉና፣

«ሮጦ የሚመልሳቸው አንድ ልጅ እንኳ አልነበረም?» አሉኝ።