ፍርድ ቤት ያስከፈተው የሕፃናት ትምህርት ቤት

ዳኛ ስለ መሬትና ስለ ዕዳ እንደሚፈርድ ሁላችን እናውቃለን። የሦስት ዓመት ሕፃን ትምህርት ቤት ይግባ ብሎ መፍረድ ግን ያልተለመደ ነገር ነው። በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት የሆነው ግን ይኸው ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ከ1875 ጀምሮ ከ5 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ሁሉ የተሟላ ነፃ ትምህርት እንዲያገኙ ያዛል። ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ገንዘብ በብዛት ከየአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር ይገኝ ስለ ነበረ፣ የሀብታሙ ሰፈር ልጅ ሲደላው የድኻው ከተማ ልጅ ተጎዳ። ስለዚህ በ1981 ከካምደን፣ ከኢስት ኦሬንጅ፣ ከኢርቪንግተንና ከጀርሲ ሲቲ በተውጣጡ 20 ልጆች ስም ክስ ተመሠረተ። «አቦት በበርክ ላይ» የተባለውም ክርክር ይህ ነው።

በ1990 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የድኾቹ ከተሞች በጀት ከሀብታሞቹ ጋር እንዲስተካከል ፈረደ። ቢሆንም የድኻው ልጅ ገና በበሩ ሲገባ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኝ ነበርና፣ በ1998 ፍርድ ቤቱ በ28 ድኻ የከተማ ወረዳዎች የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናት በመንግሥት ወጪ እንዲማሩ አዘዘ። ሕጉ የሚናገረው ከአምስት ዓመት ጀምሮ አይደለምን? እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ያለ ዝግጅት የሚመጣ ልጅ በአምስት ዓመቱ የተሰጠውን መብት ሊጠቀምበት አይችልም። እኛስ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንል የለምን?

ትእዛዝ መጻፍና ትእዛዝ መፈጸም ግን ለየቅል ናቸው። በመጀመሪያው ጊዜ ብዙዎቹ ሕፃናት የተላኩት መምህራኑ በቂ ሥልጠና ወዳላገኙባቸው መዋያ ቤቶች ነበር። ከሳሾቹ ተመልሰው አቤት ስላሉ፣ በ2000 ፍርድ ቤቱ በአንድ ክፍል ከ15 የበለጡ ሕፃናት እንዳይኖሩ፣ አስተማሪውም የሙያ ምስክር ወረቀት እንዲኖረው ወሰነ። ለነባሮቹ መምህራንም እስከ 2004 ተምረው እንዲጨርሱ ጊዜ ተሰጣቸው።

ውሎ አድሮ ተማሪዎቹ 40 ሺሕ ያህል ደረሱ። አጥኚዎችም እስከ አምስተኛ ክፍል ተከታትለው፣ በቋንቋ፣ በሒሳብና በሳይንስ ካልገቡት ልቀው እንደ ተገኙ፣ ሁለት ዓመት የቆዩትም ይበልጥ እንደ ተጠቀሙ መሰከሩ።

በጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ወገኖች፤ በ1998 ሦስት ዓመት የሞላው ሕፃን በ2000 አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። መዝገብ ቢቆይ ይቆያል፤ ልጅነት ግን ቀጠሮ አያውቅም። እንግዲህ ስለ ልጅ የተጻፈ ወረቀት ከጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ፣ ይህን አስበን አንድ ቀን እንኳ አናሳድረው።