እጅና መልክ፦ የቄንጠኛዋ አሻንጉሊት ታሪክ ከዱከም ሲታይ

ዱከም ለመንገደኛ የጥሬ ሥጋ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መኪናውን ጥግ የሚያስይዝ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ሥጋ ቤቱ ላይ ነው። ለሸቀጥ ግን ዱከም መተላለፊያ ናት። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ ከባሕር ማዶ ወደ መሀል አገር የሚገባው ዕቃ በዚህ ሜዳ ሲያልፍ መቶ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ያረፈ ኮንቴይነር ወደ መርካቶ ሲወጣ መንገዱ በዚሁ በኩል ነው። ከኮንቴይነሩ ከሚራገፉት ነገሮች አንዷ ወገቧ የቀጠነ፣ እግሯ የረዘመ፣ ጸጉሯ ወርቃማ የሆነ የፕላስቲክ ወይዘሪት ናት። ማቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሥራት ሌላ፣ ሻጩም ገዢውም “ባርቢ” ይላታል።

ስለ እሷ ከዱከም ተነሥቼ የምጽፈው መንገዷ በዚህ ስለሚያልፍ ብቻ አይደለም። አሻንጉሊቷን የሚሰፋው እጅና መልኳን የሚወስነው ሰው በታሪኳ ሁሉ ተለያይተው የኖሩ ናቸው። ዱከም ደግሞ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ለዓለም ገበያ የሚሰፉ ብዙ እጆችን ያፈራች ከተማ ናት።

ቄንጥ ለማሳየት የምትለብስ አሻንጉሊት ለልጅ መጫወቻ የተሠራች አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1396 ከፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ወደ እንግሊዝ ንግሥት የተላከችው አሻንጉሊት የፓሪስን አለባበስ ለብሳ የሄደች መልእክተኛ ነበረች። የፋሽን መጽሔት ባልነበረበት ዘመን ልብስ ሰፊዎች አዲሱን ቅድ የሚያዩት እንዲህ ባሉ አሻንጉሊቶች ላይ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥትም የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች ወደዚሁ ዘዴ ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1945 ጨርቅ በጠፋበት ሰዓት ከሽቦ በተሠሩ፣ ቁመታቸው 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ሴቶች ላይ አዲሱን ስፌታቸውን አልብሰው ለሕዝብ አሳዩ። ቁልፉ ይከፈታል፣ ኪሱ እውነተኛ ኪስ ነው፣ ጫማው በጫማ ሰሪ እጅ የተሰፋ ነው። በዓመቱ ኒው ዮርክ ድረስ ሄደው ታዩ። ጦርነት ያደቀቀው የፓሪስ የልብስ ንግድ እንዳልሞተ ለዓለም የመሰከሩት እነዚህ የሽቦ ሴቶች ናቸው።

ባርቢ ከዚህ የዘር ሐረግ የመጣች ብትሆንም በመካከል አንዲት ጀርመናዊት አለች። ሊሊ ትባላለች፤ ቢልድ በተባለው የጀርመን ጋዜጣ ላይ የካርቱን ገጸ ባሕርይ ሆና የተወለደች፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በአሻንጉሊት መልክ ተሠርታ ለአዋቂዎች የተሸጠች ናት። የማቴል መሥራች ሩት ሃንድለር ከልጆቿ ጋር አውሮፓን ስትጎበኝ ሊሊን በመስኮት አየቻት፤ ገዝታም ወደ አገሯ ወሰደቻት። መጋቢት 9 ቀን 1959 (እ.ኤ.አ.) ባርቢ በኒው ዮርክ የመጫወቻዎች ትርኢት ላይ ቀረበች። ዋጋዋ 3 ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 300 ሺህ ያህሏ ተሸጠ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ስለ ባርቢ ሲጻፍ የሚዘለለው ይህ ነውና። ያቺ የመጀመሪያዋ “አሜሪካዊት” የተሠራችው ጃፓን ውስጥ ነው። የልብሷ ንድፍ አውጪ ሻርሎት ጆንሰን ቶክዮ ተቀምጣ ቅዱን ስታወጣ፣ ስፌቱን የሚሠሩት ጃፓናውያን ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም በየቤታቸው ሆነው። የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቁልፍ፣ ከጣት የማይረዝም ዚፕ፣ በጥንቃቄ የታጠፈ ዘርፍ፣ ሁሉም ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና ባልወጣ አገር ያሉ እናቶች ሥራ ነው። ጸጉረ ወርቃማዋን ሴት በሺዎች እየሰፉ ሲልኳት መልኳ ምን ይሁን ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። የጃፓን ደመወዝ ከፍ ሲል ሥራው ወደ ታይዋንና ሆንግ ኮንግ ሄደ። ከዚያ ወደ ደቡብ ቻይናዋ ጓንግዶንግ፣ በተለይም ዶንግጓን ወደተባለችው የፋብሪካ ከተማ ተሻገረ። እጁ በተለወጠ ቁጥር መልኩ አልተለወጠም።

መልክ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከባርቢ በፊትም ተመዝኗል። ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ለ253 ጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት ከቀለማቸው በቀር የማይለያዩ ነጭና ቡናማ አሻንጉሊቶች አቀረቡላቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል መጫወት የፈለጉት በነጯ ነው። ሕፃናቱ “አንተን የምትመስለው የትኛዋ ናት?” ሲባሉ አንዳንዶቹ አልቅሰው ከክፍሉ ወጥተዋል። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዘር መለያየትን ከትምህርት ቤት ባስወገደበት ፍርድ ውስጥ ተጠቅሷል። ማቴል ጥቁር ፊት ያላት አሻንጉሊት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ እሷም የነጯን ቅርጽ ይዛ ቀለሟ ብቻ የተለወጠ ነበረች። በባርቢ ስም የምትጠራ ጥቁር አሻንጉሊት የመጣችው በ1980 ነው፤ ኪቲ ብላክ ፐርኪንስ የተባለች ጥቁር ሴት ንድፏን ስታወጣ። በመካከሉ 13 ዓመት አለ፤ መልኳ የተለወጠውም ወሳኟ ከተለወጠች በኋላ ነው።

ሰብሳቢዎች ይህን ሁሉ ያውቁታል። በዓለም ላይ አሻንጉሊት መሰብሰብ የልጅነት ትዝታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ቤቲና ዶርፍማን የተባለች ጀርመናዊት እ.ኤ.አ. በ2011 በ15 ሺህ ባርቢዎች የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግባለች። በ2010 ደግሞ የአልማዝ ሐብል ያጠለቀች አንዲት ባርቢ በጨረታ 302 ሺህ 500 ዶላር አውጥታለች። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም፤ ሰብሳቢዎቹ አሻንጉሊቶቻቸውን የሚያወዳድሩበት የቁንጅና ውድድር ነው። በተለይ የቁንጅና ውድድር እንደ ብሔራዊ በዓል በሚታይባቸው እንደ ፊሊፒንስና ቬንዝዌላ ባሉ አገሮች፣ ሰብሳቢው የፋብሪካውን የፊት ቀለም በአሴቶን ጠርጎ በቀጭን ብሩሽ አዲስ ዓይንና ከንፈር ይሥላል። ጸጉሯን ነቅሎ ክር በክር ይተክላል። ከዚያ የአገሯ ስም የተጻፈበት ሪባን ያስርላታል። የሀገር ባህል ልብስ፣ የምሽት ቀሚስ፣ ጥያቄና መልስ፣ ሁሉም እንደ ሰዎቹ ውድድር በተራ ይመጣል። ዳኛው የሚያየው የስፌቱን ንጽሕና፣ የጥልፉን መጠን፣ ልብሱ የዚያን አገር አለባበስ በእርግጥ መከተሉን ነው። ፋብሪካው የወሰነውን መልክ አጥፍቶ ራሱ የሚወስን ሰው ነው እዚህ የሚወዳደረው፤ የተሰፋውም የተሣለውም በአንድ እጅ ነው። ስለዚህ ይህን ነገር የሥራ ፈት ጨዋታ ብሎ ለማለፍ አልደፍርም።

ኢትዮጵያም በሰዎቹ መድረክ የገባችው በቅርቡ ነው። ፍሬሕይወት አበበ እ.ኤ.አ. በ2004 ኪቶ ላይ በተካሄደው የሚስ ዩኒቨርስ ውድድር አገሪቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ወክላለች። በዚያ መድረክ የሀገር ልብስ ራሱን የቻለ ውድድር ነው፤ በእኛ በኩል ደግሞ ለዚህ የሚታጣ ነገር የለም።

ይህን የምለው በአገራችን ልብስ አሻንጉሊትን አሻንጉሊት የሚያደርገው ዋና ነገር ስለሆነ ነው። የገጠር ልጅ እቃ እቃ ስትጫወት ልጇን የምታገኘው ከእጇ ነው። የበቆሎ ቆረቆንዳ በእራፊ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ እሸቱ ገና ከሆነ ደግሞ ጸጉሩ አለ፣ ለስላሳና እርጥብ፣ ሹሩባ ለመሥራት የተመቸ። ልጅቱ በሦስት ከፍላ ትገምደዋለች፣ ጫፉን በክር ታስራለች፣ ከእናቷ ነጠላ የተቀደደውን ጥለት መቀነት ታደርግለታለች። ዓይንና አፍ ላይኖረው ይችላል። ሙሽራ መሆኗ፣ አራስ መሆኗ፣ እንግዳ መሆኗ የሚታወቀው በለበሰችው ነው። አዝላው “እሹሩሩ” ስትል የተሸከመችው ለእሷ ሙሉ ሰው ነው። በማግሥቱ ቆረቆንዳው ይጣላል፤ ሌላ ይሠራል። ማንም ያልሰበሰባቸው፣ ግን በየትውልዱ ያልተቋረጡ አሻንጉሊቶች ናቸው።

በከተማው የስጦታ ዕቃ መደብር፣ በቸርችል ጎዳናም ሆነ በፒያሳ፣ የምናገኛቸው የጨርቅ አሻንጉሊቶች የዚሁ ቆረቆንዳ ታላላቅ እኅቶች ናቸው። ገላቸው በጥጥ የተሞላ ጥቁር ወይም ቡናማ ጨርቅ፣ ጸጉራቸው ክር፣ ዓይናቸው በሁለት ጥልፍ የተሰፋ ነው። አንዷ ጥበብ ቀሚስና ነጠላ፣ ሌላዋ ጨሌና ዛጎል፣ ሌላዋ እንስራ በጀርባዋ አዝላ ትቆማለች። የፊታቸው ቅድ አንድ ዓይነት ስለሆነ ልብሱን ብትለዋውጣቸው ማን ማን እንደሆነች አይታወቅም። ጎብኚው ይገዛቸዋል፣ ሻንጣው ውስጥ ይከታቸዋል፣ ይሄዳል። የሰፋቻቸው ሴት ስም አይጻፍባቸውም፤ ይህ ዘወትር ያሳዝነኛል።

ከሁሉም በላይ ስለ እጅና መልክ የምትነግረን ግን ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ ናት። የቤተ እስራኤል ሴቶች እዚያ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ ከእንስራና ከጀበና ጋር ትንንሽ የሸክላ ሰዎችን፣ አንበሶችን፣ ካህናትን ሠርተው በመንገድ ዳር ይሸጡ ነበር። ከሥራዎቻቸው መካከል ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን የተኙበት አለ። ጭቃው በጣት ተድቦልቡሎ፣ ዓይኑ በስንጥር ተወግቶ፣ በእሳት ጠቁሮ የሚወጣ ሥራ ነው። የዚያች የንግሥት ታሪክ በክብረ ነገሥት የነገሥታቱ የዘር ሐረግ መነሻ ነው። እሷን በጭቃ የቀረጹት ሴቶች ግን በእደ ጥበባቸው ምክንያት “ቡዳ” እየተባሉ የተገፉ፣ መሬት የተነፈጉ ነበሩ። ያም ሆኖ መልኩ የራሳቸው ነበር። ንግሥቲቱ ምን እንደምትመስል የወሰነላቸው አልነበረም፤ በእነሱው አምሳል ክብ ፊት፣ ትልቅ ዓይን ሰጧት። በዘመቻ ሙሴና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተካሄደው በዘመቻ ሰሎሞን አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ሥራው በወለቃ በጎረቤቶቻቸው እጅ ቀጥሏል። ፕላውሼር የተባለው የሴቶች የእደ ጥበብ ማሠልጠኛም እዚያው ይገኛል።

ንግሥተ ሳባ ሌላ ልደትም አላት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ የሚኖሩ ሁለት ትውልደ ኢትዮጵያ ሴቶች ኢቲዶልስ የተባለ ድርጅት መሥርተው የአፍሪካ ሴት መሪዎችን በአሻንጉሊት ማውጣት ጀመሩ። ንግሥተ ሳባን በኢትዮጵያዊ ስሟ ማክዳ ብለው ለሰብሳቢዎችና ለልጆች አቀረቧት፣ ከታሪኳ መጽሐፍ ጋር። ማቴል ናይጄሪያዊትን በ1990፣ ኬንያዊትን በ1994፣ ጋናዊትን በ1996 ሲያወጣ የሸጠው የአገር ስምና ልብስ ነበር፤ ማክዳ ግን ስም፣ ዙፋንና ታሪክ ይዛ መጣች። ወለቃ በጭቃ የሠራችውን ሥራ እነዚህ ሴቶች በኢንዱስትሪ ቋንቋ ሠሩት። እኔ ይህን ከባርቢ ጨረታ ይበልጥ ትልቅ ክስተት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ወደ ዱከም ልመለስ። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን በቻይና ባለሀብቶች እዚህ ሲመሠረት ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ፋብሪካዎች አንዱ የጫማ አምራቹ ሁዋጂያን ነው፤ በጥር 2004 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። የሁዋጂያን መነሻ ያቺው ዶንግጓን ናት፣ ባርቢ ስትሰፋ የኖረችባት። የአሻንጉሊትና የጫማ ሥራ በአንድ ከተማ ያደገው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። ሁለቱም የሚፈልጉት ቅድ የሚቆርጥ፣ ጠርዝ የሚያጥፍ፣ ስፌቱ እንዳይዛነፍ ዓይኑን የማይነቅል ሠራተኛ ነው። የፕላስቲክ አሻንጉሊት ጸጉር እንኳ የሚተከለው በስፌት ማሽን ዓይነት መርፌ ነው፤ ጭንቅላቱ ከቅርጹ ወጥቶ ይለሰልስና ጸጉሩ ዙሪያውን ይሰፋበታል። ከቶክዮ ወደ ታይዋን፣ ከታይዋን ወደ ጓንግዶንግ የተጓዘው ሥራ በጫማ በኩል ዱከም ደርሷል። የአካባቢው ወጣት ሴቶች የውጭ አገር ስም የተለጠፈበትን ጫማ እየሰፉ ወደ አሜሪካ ልከዋል። የጫማውን ንድፍ የሚያወጣው ሌላ ቦታ ያለ ሰው ነው። የ1959ኟ የቶክዮ ሰፊ ብታያቸው ሥራውንም ጥያቄውንም ታውቀዋለች።

ስለዚህ አሻንጉሊት ፋብሪካ ይምጣልን ብዬ አልመኝም። የቪኒል ቅርጽ ማውጫው ውድ ነው፤ ቅርጹም ከውጭ ከመጣ መልኩ አብሮት ይመጣል። የጨርቅ አሻንጉሊት ግን መቀስ፣ ማሽን፣ እራፊና ጥጥ ነው የሚፈልገው፤ ይህ ሁሉ በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በአዳማ አለ። የሠለጠነው እጅም እንዲሁ። ፊቷን ለመሣል የምትቀመጠው ሴት የአድአን ገበሬ ሚስት፣ የአዳማን ነጋዴ፣ የኢሬቻን ልብስ የለበሰች ኮረዳ በየራሷ መልክ ብታወጣና ከቀሚሷ ጫፍ ስር ስሟን፣ ከተማዋንና ዓመተ ምሕረቱን ብትጠልፍ፣ ሰብሳቢ የሚፈልጋት አሻንጉሊት ያን ጊዜ ትገኛለች። ማን እንደሠራት የማይታወቅ ባርቢ የሚሰበሰበው በፋብሪካው ምልክት ነው፤ የእኛዎቹ ሊሰበሰቡ የሚገባው በሰፊዋ ስም ነው። በዚህ በኩል መደብሮቹ ነገ ጠዋት ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር አለ፦ አሻንጉሊቷን ሲገዙ የሠሪዋን ስም ጠይቀው ትንሽ ጨርቅ ላይ መጻፍና ጀርባዋ ላይ መስፋት።