ስለ ንፍጥ የተነገረው ስሕተትና የተገኘው እውነት

ከሰው አካል ከሚወጡት ነገሮች መካከል እንደ ንፍጥ የተናቀ ያለ አይመስለንም። ልጅን ለመንቀፍ «ንፍጣም» እንላለን፤ ስሙን በሰው ፊት መጥራት ስለምናፍር «የአፍንጫ ፈሳሽ» እያልን እንሸፋፍነዋለን፤ በመሐረብ ጠርገን ስንጥለውም ለምን እንደተሰጠን አንጠይቅም። ይሁን እንጂ ይህ የተናቀ ነገር በሕክምና ታሪክ ውስጥ ሰፊ ስፍራ አለው። የቀድሞ ሐኪሞች ስለ እርሱ በያዙት የተሳሳተ ትምህርት ምክንያት ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ብዙ ሕመምተኛ ያለ አገባብ ደሙ ፈሷል። በኋላ ደግሞ ስለ እርሱ እውነቱ በተመረመረ ጊዜ ለሰው ልጅ ታላቅ ጥቅም የሰጠ መንገድ ተከፍቷል። ይህን ታሪክ በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛውና በአራተኛው መቶ ዓመት፣ በሂፖክራጥስ ስም የሚጠሩት የግሪክ ሐኪሞች የሰው ጤንነት በአራት ፈሳሾች ሚዛን ላይ የቆመ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። እነዚህም ደም፣ ብጫ ሐሞት፣ ጥቁር ሐሞትና አክታ ናቸው። አክታና ንፍጥ ለእነርሱ አንድ ነገር ነበሩ፤ ምንጩም ቀዝቃዛና እርጥብ ነው የሚሉት አንጎል ነው ብለው ያምኑ ነበር። የሚጥል በሽታ እንኳ ሳይቀር ከአንጎል ወደ ታች የሚወርደው አክታ የደም ሥሮችን በመዝጋቱ የሚመጣ ነው ይሉ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ አውሮፓውያን የአፍንጫን መቆጣት የሚጠሩበት «ካታር» የሚለው ቃል በግሪክ ቋንቋ «ወደ ታች መፍሰስ» ማለት ነው።

በሁለተኛው መቶ ዓመት ድኅረ ልደተ ክርስቶስ የተነሣው የጴርጋሞን ሰው ጋሌን ይህን ትምህርት አጸናው። እንደ እርሱ አባባል ንፍጥ የአንጎል ጉድፍ ነው፤ በአፍንጫ ጣራ ላይ እንደ ወንፊት በተበሳው አጥንት በኩል ወደ አፍንጫ ይንጠፈጠፋል፤ ሌላውም ከአንጎል ሥር ባለችው ትንሽ እጢ አልፎ ወደ ላንቃ ይወርዳል። የጋሌን ቃል እንደ ሕግ ይከበር ስለ ነበረ የተከራከረው ሰው ጥቂት ነበር። የሰውን አካል ራሱ ሰንጥቆ በመመርመር የጋሌንን ብዙ ስሕተት የገለጠው ቬሳልዩስ እንኳ በ1543 ባሳተመው መጽሐፉ ያችን እጢ «የአንጎልን ንፍጥ የምትቀበል» ብሎ ጠርቷታል። ዛሬም እጢዋ «ፒቱዩታሪ» ስትባል የምትጠራው ንፍጥ ከሚለው የላቲን ቃል በወጣ ስም ነው፤ ሥራዋ ግን ከንፍጥ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ይህ ስሕተት በመጻሕፍት ውስጥ ብቻ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ሐኪሙ በሚያምነው መንገድ ያክማልና፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ሁሉ «አንጎልህ ሞልቷል» እየተባለ ደሙን በዋግምት ይቀዳ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠጣ፣ የሚያስነጥስ ዱቄት ያሸት ነበር። አንዳንዱም ፈሳሹ ይወጣ ዘንድ በጋለ ብረት ይተኮስ ነበር። በሽተኛው ከሕመሙ ይልቅ በሕክምናው ይደክም ነበር ማለት ነው።

ይህን አሮጌ ግንብ የናደው በጀርመን አገር የዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኮንራድ ቪክቶር ሽናይደር ነው። ሽናይደር ያ ወንፊት የሚመስለው አጥንት በደረቅ የራስ ቅል ላይ ክፍት ሆኖ ቢታይም፣ በሰውነት ላይ ሳለ ቀዳዳዎቹ በስሜት ሥሮችና በስስ ሽፋን የተደፈኑ መሆናቸውን ተመለከተ። ከ1660 ጀምሮ ስለ ካታር በተከታታይ ባሳተማቸው መጻሕፍት ንፍጥ ከአንጎል የሚወርድ ሳይሆን የአፍንጫን ውስጥ ከሸፈነው ሥጋዊ ሽፋን የሚመነጭ መሆኑን አስረዳ። በ1670 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሎወር ከአንጎል ወደ አፍንጫ የሚያሳልፍ መንገድ አለመኖሩን በራሱ ምርመራ አረጋገጠ። በዚያ ሁሉ ዘመን አጥንቱም ሽፋኑም በሰው እጅ ነበሩ፤ የጎደለው የታላቅ ሰው ቃል ቢሆንም እንኳ ከዓይን ምስክር ጋር የማስተያየት ልማድ ብቻ ነበር።

ምንጩ ከታወቀ በኋላ ሥራው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ቀረ። በ1835 ፑርኪንየና ቫለንቲን የተባሉት ተመራማሪዎች ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አጥቢ እንስሳትን ጨምሮ በብዙ እንስሳት የውስጥ ሽፋን ላይ በማጉያ መነጽር ብቻ የሚታዩ ረቂቃን ፀጉሮች ያለ ዕረፍት እንደሚወዛወዙ ገለጡ። እነዚህ ፀጉሮች በእኛም አፍንጫ ውስጥ አሉ። በየሴኮንዱ ከ10 ጊዜ በላይ እየተወዛወዙ ንፍጡን ቀስ በቀስ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። አቧራውና ጀርሙ በሚያጣብቀው ንፍጥ ላይ ይያዛል፤ ከዚያም ሳናውቀው እንውጠዋለን፤ የጨጓራ አሲድም አብዛኛውን ጀርም ይፈጀዋል። ንፍጡ የምንተነፍሰውን ደረቅ አየር ያርሳል፤ የሽታም ቅንጣት በእርሱ ሟሙቶ ካልሆነ ወደ ማሽተቻው ሥር አይደርስም። ስለዚህ ንፍጥ የአካል ጉድፍ ሳይሆን የደጅ ዘበኛ ነው።

ዘበኛው መሣሪያም እንደ ታጠቀ የታወቀው በ1921 ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ አገር ቁስለኞችን ሲያክም፣ በቁስል ላይ የሚፈሰው ኃይለኛ የጀርም መግደያ ከጀርሙ ይልቅ ሰውነትን የሚከላከሉትን የደም ሕዋሳት እንደሚጎዳ አይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አካል በራሱ የሚከላከልበትን ነገር ይፈልግ ጀመር። በለንደን በቅድስት ማርያም ሆስፒታል ሲሠራ ጉንፋን ያዘውና ከገዛ አፍንጫው ንፍጥ ወስዶ በምርመራ ሳሕን ላይ አሳደረው። በሳሕኑ ላይ የበቀሉት ብጫ ባክቴሪያዎች በንፍጡ አጠገብ ሟሙተው አገኛቸው። ይህንኑ ኃይል በእንባ፣ በምራቅና በእንቁላል ነጩ ክፍልም አገኘ። ለምርመራው የሚሆን እንባ ለማግኘት እርሱና ባልንጀሮቹ ሎሚ በዓይናቸው ላይ ይጨምቁ ነበር። በ1922 በጽሑፍ ያወጣው ይህ ነገር «ላይሶዛይም» ተባለ፤ የሚያሟሟ ማለት ነው።

ፍሌሚንግ ግኝቱን ለሐኪሞች ጉባኤ ባሰማ ጊዜ ጥያቄ ያነሣ ሰው አልነበረም። ላይሶዛይም ብርቱ በሽታ የሚያመጡትን ብዙዎቹን ጀርሞች ስለማያሟሟ፣ ብዙ ሰው ከቁም ነገር አልቈጠረውም። ነገር ግን የናቁት ያደርጋል ራቁት እንደሚባለው፣ የተናቀው ግኝት ፍሬ አፈራ። በ1928 በሻጋታ አጠገብ ባክቴሪያ ሲሟሟ ያየው ያው ፍሌሚንግ ነገሩን ሳያልፍ ያስተዋለው ዓይኑ በላይሶዛይም ለምዶ ስለ ነበረ ነው። በኦክስፎርድም ሃዋርድ ፍሎሪና ኤርንስት ቼይን ላይሶዛይምን ሲመረምሩ ቆይተው ስለ ሌሎች ጀርም አጥፊ ነገሮች የተጻፈውን ሲያገላብጡ የፍሌሚንግን የፔኒሲሊን ጽሑፍ አገኙ። ፔኒሲሊንን ለመድኃኒትነት ያበቁት እነርሱና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ሦስቱም በ1945 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። በ1965 ደግሞ በዴቪድ ፊሊፕስ የሚመራው ቡድን በለንደን የላይሶዛይምን ቅርጽ አወጣ። ከኤንዛይሞች ሁሉ መጀመሪያ ቅርጹ የታወቀው ይኸው ነው።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬ ኑሮአችን የሚሆን ምክር አለ። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ባክቴሪያን የሚያጠፋ መድኃኒት አያድነውም። ንፍጥ ሲወፍርና አረንጓዴ ሲሆን ብዙ ሰው ደንግጦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ይገዛል። አረንጓዴው ቀለም ግን የሚመጣው ጀርምን ከሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳት ነው፤ ቀለሙ ብቻውን መድኃኒት ለመዋጥ ምክንያት አይሆንም። መድኃኒትን ያለ ስፍራው ማብዛት ጀርሞች እንዲለምዱት ያደርጋል፤ ሳንባው የቈሰለው ወይም ደሙ የተመረዘው ሰው በሚታከምበት ቀን መድኃኒቱ ኃይል ያጣል። ሕመሙ የጸና ወይም የሰነበተ እንደሆነ ግን ሐኪም ይየው።

የጥንቶቹ ሐኪሞች ንፍጥን እንደ ጠላት ቈጥረው ከአካል ሊያባርሩት ሲታገሉ በሽተኛውን ጎዱ። እኛ ታሪኩን ያወቅን ሰዎች ያንኑ ጦርነት በእንክብል ብንቀጥለው፣ ከፍሌሚንግ ንፍጥ የተጀመረው ጉዞ ያስገኘልንን በረከት በገዛ እጃችን እናባክነዋለን። የልጆቻችንን አፍንጫ በንጹሕ ጨርቅ እየጠረግን፣ እጃችንን በሳሙና እየታጠብን፣ ዘበኛው ሥራውን እንዲሠራ ጊዜ መስጠት ይገባናል።