ከኮረንቲ እስከ ተቋራጭ፤ ስለ ቤት ኤሌክትሪክ ሥራ ስያሜዎች ታሪካዊ ማስታወሻ

ከኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም ከውኃ ማሞቂያ ጋር የሚመጣውን መመሪያ የሚተረጉም ሰው፣ መስመሩ ብቁ በሆነ የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ ብቻ እንዲዘረጋ የሚያዝዝ ዐረፍተ ነገር ሲያጋጥመው፣ ብዙውን ጊዜ «በባለሙያ ያሠሩ» ብሎ ያልፋል። አነጋገሩ አጭርና ንጹሕ አማርኛ ነው፤ ዳሩ ግን ከዋናው ጽሑፍ ሁለት ነገሮች ወድቀው ቀርተዋል። አንደኛው የሠራተኛውን ብቃት የመሰከረ አካል መኖሩ፣ ሁለተኛው ሥራው ቢበላሽ የሚጠየቅ ሰው መኖሩ ነው። ጉድለቱ ከተርጓሚው ቸልታ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ቃላቱ ወደ ቋንቋችን የገቡበት ታሪክም ድርሻ አለው።

ኤሌክትሪክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ቤተ መንግሥት ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የታየው ብርሃኑ ነበርና፣ ነገሩ ሁሉ «መብራት» ተባለ። ዛሬም ወፍጮ የሚያስፈጭ ሰው በጠራራ ፀሐይ ኃይሉ ሲቋረጥበት «መብራት ሄደ» ይላል። በ1948 ዓ.ም የተቋቋመው ባለሥልጣን በስሙ ውስጥ «መብራትና ኃይል» የሚሉትን ቃላት ይዞ ስለ ነበር ልማዱ ጸና፤ መሥሪያ ቤቱ በ1989 ዓ.ም ኮርፖሬሽን ከሆነ፣ በ2006 ዓ.ም ደግሞ ለሁለት ከተከፈለ በኋላም በሕዝብ አፍ «መብራት ኃይል» እንደ ተባለ ቀርቷል። «የመብራት ሠራተኛ» የሚለው አጠራር የዚህ ልማድ ተከታይ ነው። አጠራሩ የመሥሪያ ቤቱን ተቀጣሪም፣ በግሉ ሽቦ የሚዘረጋውንም ሰው ያለ ልዩነት ይሸፍናል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊነት ግን እስከ ቆጣሪው ድረስ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር የባለቤቱ ነው። እንግዲህ «የመብራት ሠራተኛ ሠራልኝ» የሚል የቤት ባለቤት ሥራው በመሥሪያ ቤቱ የተመሰከረለት ሊመስለው ይችላል፤ የመሰከረለት ግን ስያሜው ብቻ ነው።

ሁለተኛው የቃላት ድርብርብ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኮረንቲ የእጅ ሥራ ቃላት ናቸው፤ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ የተላለፉ። በ«መብራት» እና በ«ኮረንቲ» መካከል ሕዝቡ ያደረገው የሥራ ክፍፍል ልብ ሊባል ይገባዋል። ኮረንቲ ሰውን ይይዛል፣ ይመታል፣ ይገድላል፤ መብራት ግን ይመጣል ይሄዳል እንጂ ሰው አይዝም። አገልግሎቱ አንድ ስም፣ አደጋው ሌላ ስም አግኝቷል። የትምህርት መጻሕፍት ያስገቡት «ጅረት» የሚለው ቃል ለፊዚክስ ተገቢ ቢሆንም፣ በቤት ውስጥ ማስጠንቀቂያ ላይ ግን የ«ኮረንቲ»ን ያህል አያስደነግጥም። ይህ ጸሐፊ በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ላይ «ኮረንቲ»ን ይመርጣል።

ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛዎቹ ሶኬት፣ ፊውዝ፣ ብሬከር፣ ኤሌክትሪሽያን መጡ። (ከእነዚሁ ጋር የተደባለቀው «ፌዝ» በአማርኛ ቀልድና ማላገጥ ማለት መሆኑ መጥፎ አጋጣሚ ነው፤ «ቤቱ ሦስት ፌዝ አለው» የሚለውን የሰማ ሽማግሌ ቢገረም አይፈረድበትም።) ፊውዝ ከቃሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግሡ ነው። «ፊውዝ ተቃጠለ» እንላለን፤ እንደ ተበላሸ ዕቃ። ፊውዝ ግን የሚቃጠለው ተግባሩን ሲፈጽም ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት መስመር ላይ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ለአምፖል ተብሎ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ በዚህ ጭነት ይግላል፣ ልባሱም ይቀልጣል። ፊውዙ ቀድሞ ሲበጠስ ቤቱን አዳነ ማለት ነው። ነገር ግን ግሡ ጥፋተኛ ያደረገው እርሱን ስለሆነ፣ በፊውዙ ቦታ ወፍራም ሽቦ አስሮ «ከእንግዲህ አይቃጠልም» የሚል ሰው እንደ ጎበዝ ሠራተኛ ይመሰገናል። ብቁው ሠራተኛ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፊውዙ ለምን እንደ ተበጠሰ፣ የሽቦውም ውፍረት ስንት እንደ ሆነ ነውና። «ፊውዝ ተበጠሰ» ወይም «ቆረጠ» ብንል ለእውነቱ እንቀርባለን።

«ተቋራጭ» የሚለው ስያሜ ከዚሁ ቆረጠ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ሥራን በቀን ሳይሆን በቁርጥ መያዝ፣ ዋጋ ቆርጦ መስማማት የቆየ ልማድ ነው፤ «ተቋራጭ» የሚለው ቅርጽም ቆራጮቹ ሁለት መሆናቸውን፣ ማለትም ውል መኖሩን ያሳያል። በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ «ሥራ ተቋራጭ»ን በሕግ ቋንቋ አጸናው፤ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭንም ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው መጽናት ዋስ አደረገው። ችግሩ «ተቋረጠ» በዛሬው አነጋገር ከሁሉ በፊት መብራትን የሚያስታውስ መሆኑ ነው። «የመብራት ተቋራጭ» ቢባል፣ መስመር የሚቆርጥ እንጂ የሚዘረጋ ሰው በሐሳብ አይመጣም። ስለዚህ «ሥራ» የሚለው ቃል ከመካከል ሊወጣ አይገባም፤ «የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ» ይባል።

«ብቁ» የሚለውስ? በ2006 ዓ.ም የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ለዘርፉ የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ጉዳይ ይመለከታልና፣ በአገራችን ብቃት ማለት የእጅ ጥበብ ብቻ ሳይሆን የሚታይ ወረቀትም ነው። «ባለሙያ» የመጀመሪያውን ይናገራል፤ ሁለተኛውን አይናገርም። ተርጓሚው «የብቃት ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ» ቢል ዐረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ አንባቢው ግን ሠራተኛውን ወረቀቱን አሳየኝ፣ ውሉን እንጻፍ ለማለት መነሻ ያገኛል።

አንድ ስያሜ ገና አልተቋጨም። ያፈተለከ ኮረንቲን ወደ ምድር የሚያወርደውን ሽቦ ሠራተኞች «ግራውንድ» ሲሉት፣ አንዳንድ ተርጓሚዎች «የመሬት መስመር» ይሉታል። ይህ ግን ከመሬት በታች የተቀበረ ኬብል ከሚለው ጋር ይምታታል፤ መመሪያውን ያነበበ ሰው ግቢው ውስጥ የተቀበረውን ኬብል አስቦ፣ ቤቱ ያንን ሽቦ ሳይኖረው አለው ብሎ ሊያልፍ ይችላል። የተሻለ ቃል እስኪገኝ «ወደ መሬት አውራጅ ሽቦ» ማለቱ ይመረጣል፤ «ግራውንድ» የሚለውም የሠራተኛው ቃል በቅንፍ ይከተለው።