በቤቱ ለሚሠራ ሠራተኛ ስለሚሰጥ መሣሪያ፤ ከእንግሊዝ ካልሲ ሠሪዎች ታሪክ

ከ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ከመሥሪያ ቤት ርቆ በቤት ሆኖ መሥራት በብዙ አገር ተለምዷል። ብዙ አሠሪዎችም ለአዲሱ ሠራተኛ ኮምፒዩተር ይሰጡታል። ነገሩ አዲስ ይምሰል እንጂ የአሠሪ መሣሪያ በሠራተኛ ቤት መቀመጡ የቈየ ታሪክ አለው። ከዚህም አንዱን ክፍል እንመርምር። የውጭ አገር ዓመቶች በኤውሮፓ አቈጣጠር ተጽፈዋል።

የካልሲ መሥሪያ መኪናን በ1589 የፈለሰፈው ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ከዚያም በኋላ በኖቲንግሃም፥ በሌስተርና በደርቢ አውራጃዎች ብዙ ቤተ ሰብ በየቤቱ በዚህ መኪና ካልሲ እየሠራ ይተዳደር ነበር። መኪናው ውድ ስለ ሆነ የአብዛኛው ሠራተኛ ሀብት አልነበረም፤ ነጋዴው ወይም በመካከል የቆመ ሰው ያከራየው ነበር እንጂ። ኪራዩ በየሳምንቱ ከደመወዙ ይቈረጣል፤ መርፌውንና ሻማውንም የሚገዛው ሠራተኛው ራሱ ነበር።

ጕዳቱ ይበልጥ የታየው ሥራ በቀነሰ ጊዜ ነው። ሠራተኛው ግማሽ ሳምንት ብቻ ቢሠራም ኪራዩን ሙሉ ይከፍላል። ስለዚህ ባለ መኪናው ጥቂት ሠራተኞችን ሳምንቱን ሙሉ ከማሠራት ይልቅ፥ ያለውን ሥራ ለብዙ መኪናዎች ቢያከፋፍል ይጠቀማል፤ ከእያንዳንዱ መኪና ኪራይ ያገኛልና። በ1811 ሠራተኞቹ መኪና መስበር ጀመሩ፤ ምክንያታቸውም የደመወዝ መውረድን የመሰለ ብዙ በደል ነበር። ፓርላማው መኪና የሰበረ ሰው በሞት እንዲቀጣ በ1812 ደነገገ። የመኪና ኪራይን ከደመወዝ መቍረጥ በሕግ የተከለከለው ግን በ1874፥ ማለት ከ62 ዓመት በኋላ ነው።

በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ይህን ነገር አልዘነጋም። አሠሪው በቤቱ ለሚሠራው ሰው መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ ሸጦ ምርቱን መልሶ ቢገዛ፥ ስሙ ሽያጭ ቢባልም ግንኙነቱ የሥራ ውል ሆኖ ይቈጠራል።

እንግዲህ መሣሪያው የአሠሪው መሆኑ ብቻውን ሠራተኛውን አይጠቅመውም፥ አይጐዳውምም። ፍሬ ነገሩ ወጪውን፥ በተለይም ሥራ በጠፋበት ሳምንት፥ የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። ዛሬ ኮምፒዩተር ተረክቦ የሚፈርም ወጣት የጥገናው፥ የኤሌክትሪኩና የመመለሻው ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ በጽሑፍ ቢያስወስን፥ የኖቲንግሃም ካልሲ ሠሪዎች በብዙ ድካም ያገኙትን ትምህርት በከንቱ አላስቀረውም።