ገላባት ሲዘንብ መተማ ላይ የሚጠፋው ቴሌቪዥን

መተማ ዮሐንስ ላይ ክረምት መግባቱን የምናውቀው የሰሊጡ ማሳ ሲያረነጉድ ብቻ አይደለም። ሻይ ቤት ውስጥ ሃያ ሰው ዜና ላይ አፍጥጦ ሳለ የአንባቢዋ ፊት በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይበታተናል፤ አፏ እንደተከፈተ ይደርቃል፤ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ከዚያ ሰማያዊ ገጽ ይመጣና «ኖ ሲግናል» ይላል። ማዶ ገላባት ያሉ ወዳጆቻችን «ማፊ ኢሻራ» ይሉታል። ቋንቋው ሁለት፣ ንዴቱ አንድ።

በዚህ ነገር ስንማረር ብዙ ክረምት አለፈ። ዘንድሮ ግን ከማማረር አልፈን ነገሩ ከየት እንደመጣ እንጻፈው አልን። ዲሹ እዚህ ድንበር ላይ የቤት ጌጥ ሆኖ አያውቅም። የዋጋ፣ የመንገድ፣ የጦርነትና የሰላም ወሬ የሚገባበት በር ነው። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚህ መተማ ላይ ሲወድቁ ወሬው መሃል አገር የደረሰው በእግርና በበቅሎ ነበር። ነጋዴ ደግሞ ያን ጊዜም ቢሆን ወሬ ቀድሞ የሰማ ያተርፋል፣ የዘገየ ይከስራል።

ከዲሽ በፊት ሬዲዮ ነበር። የኦምዱርማን ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1940 የተጀመረ ነው፤ የአባቶቻችን ሱቅ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ እሱ ነበር የሚንጫጫው። ማታ ማታ ደግሞ በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅ አማርኛ፣ በኋላም የአሜሪካ ድምፅ። መብረቅ ሲኖር ሬዲዮው ይንጣጣል፣ ያፏጫል፤ ግን አይሞትም። ጆሮን አስጠግቶ፣ ከጩኸቱ መሃል ቃል እየለቀሙ መስማት ይቻላል። ይህን ልብ በሉልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የሱዳኑም እዚያው አካባቢ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ። ሁለቱም ግን የዋና ከተማ ልጆች ነበሩ። ቆላው ድንበር ላይ ላለን ሰዎች ቴሌቪዥን ማለት ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ አንቴና፣ አንዱ ልጅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ «አሁንስ?» ሲል ሌላው ከታች «ትንሽ ወደ ግራ!» የሚልበት ሥራ ነበር። ምስሉ ነጭ ዝንብ የወረረው ይመስላል። ሆኖም ያም እንደ ሬዲዮው ነው፤ በዝንቡ መሃል የሰው ጥላ ይታያል።

ከዚያ ሰማዩ ተከፈተ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ አርተር ሲ. ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ጣቢያ ከምድር እኩል ስለሚዞር ከታች ሲያዩት የቆመ ይመስላል፣ በሱ በኩል ለዓለም ሁሉ ማሰራጨት ይቻላል ብሎ ነበር። የዓረብ ሊግ አገሮች ዓረብሳትን እ.ኤ.አ. በ1976 አቋቋሙ፤ ሱዳንም አባል ናት። የመጀመሪያዋ ሳተላይታቸው በ1985 ወጣች። ኤምቢሲ በ1991 ከለንደን፣ አልጀዚራ በ1996 ከዶሃ ተከተሉ። ግብፅ ደግሞ ናይልሳት 101ን በሚያዝያ 1998 አመጠቀች፤ እነዚህም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እኛ ጋ ዲሽ የደረሰው በሱዳን በኩል ነው ብንል ማዶ ያሉት ይስቃሉ፤ «እናንተ ጋ አይተን ነው የገዛነው» የሚሉም አሉና። ማንም ይቅደም ማን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመተማ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ሁሉ ሰሃን አበቀሉ። ሁሉም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ገላባት ያፈጡ ነበር፤ ምክንያቱም ናይልሳት የምትቀመጠው በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነው። ልጆቻችን ዓረብኛን ግማሹን ከገዳሪፍ ደንበኞች፣ ግማሹን ከፊልም ተማሩ። ኢቢኤስ በ2000 ዓ.ም.፣ ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲመጡ አማርኛውም ከዚያው ከናይልሳት መፍሰስ ጀመረ። ማዶ ያሉ የገላባት ሴቶች የቱርኩን ድራማ በዓረብኛ፣ የኛዎቹ በአማርኛ እያዩ ገበያ ላይ ሲገናኙ ማን ማንን እንዳገባ ይከራከሩ ነበር። አንዱ ከሌላው ብዙ ክፍል ስለሚቀድም ታሪኩን አስቀድሞ ማበላሸትም ነበር፤ በዚህ የተኳረፉ እናውቃለን።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደሚባለው ተዛወሩ። ኢትዮሳት የራሷ የኢትዮጵያ ሳተላይት የሚመስላቸው አሉ። አይደለችም። ኤስኢኤስ የተባለው የሉክሰምበርግ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያመጠቃት ኤንኤስኤስ 12 የምትባል ሳተላይት ናት፤ የምትቀመጠውም በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው። ያን ሰሞን የዲሽ ሠራተኛ እንደ ሐኪም ተፈለገ። ጣሪያዎቻችን ላይ የነበሩት ሰሃኖች ከገላባት ፊታቸውን አዙረው ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ መሃል አገር ዞሩ። ዓረብኛውን መተው ያልቻልን ሁለተኛ ዲሽ ገዛን። ከዚያ ወዲህ መተማ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ የተሰጣጡ ሁለት ሰሃኖች ያሉበት ቤት ሲታይ፣ ነጋዴ አለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ዝናቡ።

ለብዙ ዓመት ጥፋቱን የጣልነው ዲሽ ሠሪው ላይ ነበር። ገመዱ ነው፣ ኤልኤንቢው ነው፣ ሪሲቨሩ የውሸት ነው። አንዳንዴ እውነትም እሱ ነው። የገመዱ ጫፍ ካልተሸፈነ ውሃ ይገባበታል፤ ሀቡብ ተነስቶ ዲሹን አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያንቀሳቅሰው የሚገባው ኃይል ይቀንሳል። ኤልኤንቢው ላይ ፌስታል ማሰር ግን ምንም አይጠቅምም። እንዲያውም በፌስታሉ ላይ የሚለጠፈው ውሃ ራሱ ይጋርዳል። ይህን ያወቅነው ስንቱን ፌስታል ካሰርን በኋላ ነው።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የቤታችን ዲሽ የሚቀበለው ሞገድ 12 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ያህል ያጠረ ሞገድ የዝናብ ጠብታ ሲያገኘው ከፊሉን ይውጠዋል፣ ከፊሉን ይበትነዋል። በኃይለኛ ዝናብ ውስጥ በአንድ ኪሎ ሜትር 2 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። አምስት ኪሎ ሜትር ዝናብ ውስጥ ካለፈ 10 ዴሲቤል ነው፣ ማለትም ከአሥር እጅ አንድ እጅ ብቻ ይደርሳል። ሠላሳ ስድስት ሺሁን ኪሎ ሜትር በደህና መጥቶ በመጨረሻዋ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ይቀራል። ዕቃው ከፖርት ሱዳን ያለችግር ተጉዞ ኬላው ላይ ሲያዝ እንደማለት ነው፤ ይህ ለኛ ማስረዳት አያስፈልገውም። በድሮዎቹ ትልልቅ ሰሃኖች የሚያዘው የ4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ዝናብ አይበግረውም ነበር፤ ግን ሁለትና ሦስት ሜትር የሚሰፋ ሰሃን ማን ቆርቆሮ ላይ ይሰቅላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዲጂታል መሆኑ ነው። ሬዲዮውና የድሮው አንቴና ሲዳከሙ ቀስ እያሉ ነው፤ ሰውም አብሮ ይታገላል። ዲጂታሉ የሚፈልገው ልክ አለው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ከዚያ በታች ከወረደ ምንም የለም። መሃል ላይ ያለችው ቁርጥርጥ ያለች ምስል የጥቂት ሰከንድ ዕድሜ ናት። ጆሮን አስጠግቶ መልቀም ቀረ።

ሦስተኛውን ያገኘነው ራሳችን በማየት ነው፣ ኋላም አስልተን አረጋገጥነው። ከመተማ ሆኖ ሲታይ ኢትዮሳት ከአድማስ 61 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ፣ ወደ አናት ትቀርባለች። ናይልሳት ግን 38 ዲግሪ ላይ፣ ዝቅ ብላ በምዕራብ ናት። ስለዚህ የናይልሳት ሞገድ ወደ ጣሪያችን የሚመጣው ገላባትን ተሻግሮ አግድም ነው፤ ዝናብ ባለበት ከፍታ ውስጥ የሚሄደው መንገድ ስድስት ኪሎ ሜትር ይሞላል፣ የኢትዮሳት ግን አራት ተኩል ገደማ ነው። የክረምቱ ዶፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደጋው፣ ከምሥራቅ ተነስቶ ወደ ሱዳን ሜዳ ይነዳል። እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፤ ደመናው ከበስተ ጀርባ ሲመጣ መጀመሪያ የአማርኛው ይጠፋል። አናታችን ላይ ሲደርስ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሲያልፈን አማርኛው ይመለሳል፤ እኛ ጋ ፀሐይ ወጥቶ፣ ጭቃው እየተነነ፣ ዓረብኛው ግን አልተመለሰም፤ ዝናቡ ገላባት ላይ ነው። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ «ፀሐይ እያለ ምን ሆነ?» ብሎ ሪሲቨሩን ይመታል። የሻይ ቤቷ እትዬ አሁን ለምደውታል። ዓረብኛው ሲጠፋና አማርኛው ሲቀር «ሐጂዎቹ እየራሱ ነው» ይላሉ።

(በመስከረም፣ በመስቀል ሰሞን፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ለጥቂት ደቂቃ የሚጠፋው ደግሞ ሌላ ነው። ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቷ ጀርባ ስለምትገባ ነው። በመጋቢትም ይደገማል። በዚህ ዲሽ ሠሪ ጠርታችሁ ብር የከፈላችሁ ካላችሁ፣ እኛም ከፍለናል።)

ይህ ሁሉ ቀልድ የማይሆንበት ክረምት የ2015 ነበር። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን ጀምሯል። የኦምዱርማኑ የመንግሥት ቴሌቪዥን ጣቢያ በፈጥኖ ደራሾቹ እጅ ገብቷል። ከካርቱም የሸሹ ሱዳናውያን፣ ኢትዮጵያውያንና የሌላ አገር ሰዎች በገላባት በኩል እየተሻገሩ ነው። ከመካከላቸው ለዓመታት በዱቤ የሸጥንላቸው ደንበኞቻችን አሉ፤ ዕዳ ሊጠይቃቸው የወጣ ሰው ዳቦ ገዝቶላቸው ይመለሳል። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ደግሞ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ፌስቡክ የለ፣ ዩቲዩብ የለ። የቀረን ያ ሰሃን ብቻ ነው፣ እሱም በነሐሴ ዝናብ።

ነሐሴ 18 ቀን ጄኔራል አል ቡርሃን ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከካርቱሙ የጦር ሠፈር ውጭ ታዩ። እኛ ያወቅነው ግን እንዲህ ተብሎ አልነበረም። ዜናው ሲጀምር የሰውዬው ፊት አንድ ጊዜ ታየ፣ «ወጡ» የሚል ቃል ተሰማ፣ ከዚያ ማፊ ኢሻራ። ሁለት ሰዓት ያህል ዶፍ። ሻይ ቤቱ በሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ሸሹ አለ፣ ግማሹ ታረቁ አለ። ስልክ ደወልን፤ ያነሱት ሁሉ እንደኛው ወሬ ነበር የያዙት። ያን ቀን የገዳሪፍ ሸሪካችን የቡና ሂሳብ በሱዳን ፓውንድ ሊዘጋልን ቀርቦ ነበር። እርቅ ከሆነ ፓውንዱ ይጠነክራል ብለን ተማመንና ተቀበልን። ቆርቆሮው ላይ እየደበደበ ስለነበር ቁጥሩን የተስማማነው በጩኸት ነው።

ዝናቡ አባርቶ ምስሉ ሲመለስ እርቅ የሚል ቃል የለም። ጦርነቱ እንዳለ ነው። ሰውዬው ከሦስት ቀን በኋላ ፖርት ሱዳን ገቡ፤ ፓውንዱም በቀጣዮቹ ወራት ክፉኛ ረከሰ። ሸሪካችን አላታለለንም፣ እሱም ያን ሰዓት የሚያውቀው እኛ ያወቅነውን ነው። በኋላ ልዩነቱን ከፊሉን በማሽላ ሊክሰን ሞክሯል፤ ማሽላው ግን መንገድ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ያደረግነው ነገር ቢኖር ሰሃኑን መለወጥ ነው። ከ60 ሴንቲ ሜትር ወደ 90 ሲኬድ የሚሰበሰበው ኃይል ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ቀላሉን ዝናብ ያሻግራል፣ ዶፉን ግን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። እግሩን በሲሚንቶ አሰርነው። ናይልሳቱን ከቆርቆሮው ጫፍ ወደ ግድግዳው አወረድነው፣ ነፋስ እንዳይነካው። ሬዲዮውንም ከመጋዘን አወጣን። እትዬ ባትሪ ገዝተውለት ከጀበናው አጠገብ ተቀምጧል፤ ሲዘንብ ይንጣጣል፣ እኛም ጠጋ እንላለን።