ስለትና ትልም
ከማንኩሳ እስከ ቡሬ፤ ስለ ነገ የማሰብ ታሪካችን

በአማርኛ ቋንቋ «ትልም» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንዱ በሬ የሚስበው ማረሻ መሬት ላይ የሚተወው መሥመር ነው፤ ሁለተኛው ሰው በሐሳቡ ለነገ የሚያሰምረው ዕቅድ ነው። ሁለቱ ፍችዎች በአንድ ቃል መገናኘታቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ገበሬ የመጀመሪያውን ትልም ሲያወጣ ዓይኑን ከማሳው ማዶ ካለ ምልክት ላይ ይተክላል እንጂ እግሩ ሥር አያይም። እግሩን እያየ ያረሰ ሰው ትልሙ ይጣመምበታል።

ሕዝብም እንደዚሁ ነው። የነገውን ምልክት ሳይዝ የዛሬውን ሞፈር ቢጨብጥ ይደክማል እንጂ አያርስም። በዘመናችን በየመንግሥታቱ መሥሪያ ቤት መጪውን ዘመን አርቆ የማየት ጥናት ራሱን የቻለ የሥራ ዘርፍ ሆኗል። ባለሙያዎች ተሰብስበው ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ምን ዐይነት ቴክኖሎጂ እንደሚኖር፣ ለዚያም ምን ዐይነት ትምህርት እንደሚያሻ አስቀድመው ይመክራሉ። ይህን የሚሰሙ አንዳንድ ሰዎች ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሥራ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ኢትዮጵያ ስለ ነገዋ ብዙ ጊዜ አስባለች፣ ጽፋለች፣ የጻፈችውንም አንዳንዴ ቀድዳ ጥላለች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ በሚወስደው ጎዳና ላይ ቆሞ እነዚያን ትልሞች መመልከትና ስለምን እንደ ተጣመሙ መጠየቅ ነው።

ትንቢትና ስለት

የቀድሞው ኅብረተሰብ ስለ ነገ አያስብም ነበር ማለት ስሕተት ነው። ያስብ ነበር፤ ዳሩ ግን ነገን የሚጠበቅ እንጂ የሚሠራ ነገር አድርጎ አልተመለከተውም። «ፍካሬ ኢየሱስ» የተባለው ጽሑፍ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል። ሕዝቡም ያን ተስፋ ሲጠብቅ ኖረ። የቋራው ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ የንግሥ ስሙን ከዚያ ንግርት ወሰደ። ትንቢት እንዲህ ታሪክን ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ገበሬው ምን እንደሚዘራ፣ ልጁ ምን እንደሚማር አይነግረውም።

በቤተሰብ ደረጃ የነገ መወሰኛው መንገድ ደግሞ ስለት ነበር። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የማንኩሳዎቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ እንዲያድግላቸው ይሳላሉ፤ ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን ሲያገለግል እንዲኖርም ይሰጡታል። በዛብህም ይማራል፣ ቅኔ ይቀኛል፣ ዲማ ይሻገራል። ነገር ግን ወላጆቹ ያላዩት ሰብለ ወንጌል የምትባል ልጅ በዚያ ነበረች። የስለቱ ትልም በሕይወቱ ትልም ላይ ተሻግሮ ሲያልፍ የልቦለዱ አሳዛኝ ታሪክ ይጀምራል።

ስለት ከፍቅር ይመነጫል፤ የበዛብህ ወላጆች ክፉዎች አልነበሩም። ጉዳቱ ሌላ ነው። የሚኖርበትን ሰው ሳይጠይቅ ይወሰናል፤ ከተወሰነም በኋላ ዘመን ቢለወጥ እሱ አይለወጥም። ከዚህ በታች የምናነሣቸውን አገራዊ ትልሞች ሁሉ በዚህ ሚዛን ብናስቀምጣቸው ስለት ሆነው የቀሩትንና እውነተኛ ትልም የሆኑትን ለይተን ለማወቅ እንችላለን።

ባለሙያዎቹ ነገን እንዴት ያያሉ?

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ በአሜሪካ ራንድ በሚባለው የምርምር ድርጅት የነበሩ ተመራማሪዎች ዴልፋይ ያሉትን ዘዴ አወጡ። ስሙ የጥንት ግሪኮች ትንቢት ከሚሰሙበት ቦታ የተወሰደ ነው፤ አሠራሩ ግን ከትንቢት የራቀ ነው። ብዙ ባለሙያዎች ሳይተያዩ በየግላቸው ይጠየቃሉ፤ መልሳቸው ተጠቃሎ ስም ሳይጠቀስበት ይመለስላቸዋል፤ የሌላውን ምክንያት አይተው የራሳቸውን ያርማሉ። ባለሥልጣን ወይም አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ሸንጎውን እንዳይጫነው የታሰበ ዘዴ ነው። ሌላው መንገድ አንድን ነገ ብቻ ከመተንበይ ይልቅ ልዩ ልዩ ነገዎችን እንደ ተውኔት ጽፎ «ይህ ቢሆንስ? ያ ቢሆንስ?» ማለት ነው።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1971 በብዙ ባለሙያዎች ላይ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የቴክኖሎጂ ትንበያ አካሄደች፤ ከዚያም ወዲህ በየ5 ዓመቱ ገደማ እየደገመችው ቆይታለች። ድግግሞሹ ዋናው ነገር ነው። በአምስተኛው ዓመት የተመለሰ ሰው የት እንደ ተሳሳተ ያያል፤ ያርማልም። ስለት አይታረምም፤ ትልም ግን ይታረማል።

የእኛ አርቆ አሳቢዎች

እኛም አርቆ አሳቢዎች አጥተን አናውቅም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ውስጥ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ቀን የደከመበትን ምርት ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ጊዜ ከሠራው ዕቃ ጋር እንደሚለውጥ፣ በዚህም ልውውጥ እየደኸየ እንደሚሄድ አስረድተዋል። ቀደም ብለው በጻፉት «አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ደግሞ የጃፓንን አርአያ ጠቁመዋል። ትምህርትንና ቴክኖሎጂን ከአገር ህልውና ጋር አያይዞ በማየት ረገድ ከእሳቸው የቀደመ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ማግኘት ያስቸግራል። የጎደለው ሐሳቡ ሳይሆን ሐሳቡን የሚሰማ ተቋም ነበር።

ተቋሙ በ1950ዎቹ ተጀመረ። የመጀመሪያው የ5 ዓመት ፕላን በ1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮና የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የጠሩት የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተሰበሰበና እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ድረስ የአህጉሪቱ ሕፃናት ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኙ ግብ አስቀመጠ። የጉባኤው አስተናጋጅ ኢትዮጵያ ራሷ በተማሪ ቁጥር ከብዙዎቹ እንግዶቿ ኋላ መሆኗ በዚያ አደባባይ ታየ።

የማንኩሳውን በዛብህ የፈጠሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በዚያው ዘመን የትምህርት ሚኒስትር፣ ቆይተውም የፕላንና ልማት ሚኒስትር ነበሩ። የጉዱ ካሣን ብርቱ ትችት የጻፈው እጅና የአገሪቱን ፕላን የያዘው እጅ አንድ ነበር። ጉዱ ካሣ ኅብረተሰቡን በሕንፃ መስሎ በጊዜ ካልታደሰ ፍርስራሹ በሁሉም ላይ እንደሚወርድ ያስጠነቅቃል። ከዚህ የበለጠ የአርቆ ማየት ጥናት በዚያን ጊዜ በመዝገብ ቤት ፋይል ውስጥ መገኘቱን እንጠራጠራለን። ሥነ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከፕላን መሥሪያ ቤት ቀድሞ ያያል።

ማስጠንቀቂያው ብዙ አልቆየም፤ በጎጃም ምድር ታየ። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወረቀት ላይ ሲነበብ ከቀድሞው የተሻለ ሊባል ይችል ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን ከዚህ ቀደም ስለ መሬት ልኬታ ያየውንና የሰማውን ያስታውሳል፤ ቆጣሪው ሲመጣ ርስቱ የሚሄድ መሰለው። አመፀ፤ ጦር ተላከበት፤ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ስለ ሣንቲሙ አስልተው ነበር፤ ስለ ፍርሃቱ ግን ገበሬውን አልጠየቁም።

ያልታየው ጥናት

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ በታሪካችን ከፍተኛ ስፍራ የሚሰጠው የትምህርት አርቆ ማየት ጥናት ተካሄደ። «የትምህርት ዘርፍ ክለሳ»፣ በብዙዎች አጠራር ሴክተር ሪቪው፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ ተጀመረ። በርካታ የጥናት ቡድኖች ተዋቀሩ፤ ኢትዮጵያውያን ምሁራንና የውጭ አማካሪዎች ተሳተፉ፤ አማራጭ መንገዶችም በወጪያቸውና በውጤታቸው ተነጻጸሩ። ጃፓን የመጀመሪያ ትንበያዋን ባካሄደች በዓመቱ መሆኑን ልብ ይሏል።

የጥናቱ ምርመራ ትክክል ነበር። ትምህርቱ የከተማ ነው፤ ከገጠሩ ሕይወት ተነጥሏል፤ ለቢሮ እንጂ ለሥራ አያዘጋጅም አለ። መድኃኒቱም ለሁሉም የሚዳረስ የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት፣ ከዚያ በላይ ግን በቁጥር የተወሰነ ዕድል ነበር። እዚህ ላይ ታላቁ ጥያቄ ይነሣል። አራት ዓመት ተምሮ ወደ እርሻው የሚመለሰው የማን ልጅ ነው? ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚዘልቀውስ? ይህን ጥያቄ የዳሞት ገበሬና የገጠር መምህር ሊመልሱት በተገባ ነበር። ጥናቱ ግን ከሁለት ዓመት ያህል ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። የተደበቀ ነገር ወሬ ይወልዳልና መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች ጥናቱን የድሃን ልጅ በር መዝጊያ አድርገው ተረዱት። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎችም በዚያው ቀን ቆሙ። መንግሥት ጥናቱን ለማገድ ተገደደ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ዙፋኑ ራሱ ወደቀ።

መምህራኑ ለመቃወም በቂ ምክንያት ነበራቸው። ይሁን እንጂ ትምህርትን ከገጠር ኑሮና ከእጅ ሥራ ጋር ለማያያዝ የቀረበው ቁም ነገርም አብሮ ተቀበረ። ምስጢር መሆኑ የጥናቱን ስሕተትም ሆነ ትክክል አንድ ላይ ገደለው።

ከዘመቻ እስከ ፍኖተ ካርታ

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን በጥናት ሳይሆን በዘመቻ ነገን ሊይዝ ሞከረ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ፤ ዕድሜ ልካቸውን በጣት አሻራ የፈረሙ እናቶችና አባቶች ስማቸውን ጻፉ። ይህ ሊካድ የማይገባው ውጤት ነው። በአንጻሩ በ1977 ዓ.ም. የተጀመረው የ10 ዓመት መሪ ዕቅድ የወጣው ታላቁ ረሃብ ሕዝቡን በሚፈጅበት ወራት ነበር። ዕቅዱ 10 ዓመት አሻግሮ ሲያይ ከፊቱ ያለውን ክረምት አላየም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤቶችን በገጠር አበዛ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ገቢ ተማሪዎች 70 ከመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠኑ ተወሰነ። አገር በቴክኖሎጂ እንድታድግ የተደረገ ስለት ነበር ማለት እንችላለን፤ የሚማረው ወጣት ዝንባሌም ሆነ የቤተ ሙከራው ዝግጅት ከውሳኔው በፊት በቅጡ አልተጠየቀም። በ2010 ዓ.ም. እስከ 2022 ዓ.ም. የሚዘልቅ የትምህርት ፍኖተ ካርታ ቀረበ። ይህኛው በየመድረኩ ለውይይት መቅረቡ ከ1964ቱ ትምህርት መወሰዱን ያሳያል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ለብዙ ዓመታት ቁጥር ስንቆጥር ዕውቀቱን ሳንቆጥር መኖራችን ተገለጠ።

በቆሎው የነገረን

የቡሬና የጃቢ ጠህናን ገበሬ የራሱ የአርቆ ማየት ዘዴ አለው። በ1985 ዓ.ም. ቢኤች 660 የተባለው የባኮ ድቅል በቆሎ ሲወጣ፣ በዚያም ዓመት ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ሥራውን ሲጀምር፣ አዲሱ ዘር በገበሬው በራሱ ግማሽ ሄክታር መሬት ላይ ከነባሩ ጎን ተዘርቶ ታየ። ገበሬው አየ፣ አመዛዘነ፣ ወሰነ። ምዕራብ ጎጃምም የበቆሎ አገር ሆነ። ማንም ሳያስገድደው የተቀበለው ቴክኖሎጂ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የተጠየቀው በአዳራሽ ሳይሆን በማሳው ላይ ነበር።

እዚህም ግን ያልታየ ነገር ነበር። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ምርቱ ሲትረፈረፍ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ፤ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ድርቅ መጣ። «ምርቱ ቢያንስስ?» ተብሎ ታስቧል፤ «ምርቱ ቢበዛስ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለዚህ ጥያቄ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው፤ የማሳው ምርት በአካባቢው ተፈብርኮ ዋጋ እንዲያገኝ የታሰበ። ፓርኩ ግን ከግንብና ከመኪና በላይ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። የሠለጠነ እጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት ይወጣል።

ትምህርት ቤቱስ? ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። የሰላም ጎዳና የሚል ስም የተሸከመችው ፍኖተ ሰላም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከሰማይ በወረደ ድብደባ ልጆቿን ቀበረች። በ2010 ዓ.ም. የተዘጋጀው ፍኖተ ካርታ ስለ ክፍል እርከን፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ፈተና ያወሳል። «ደወሉ ባይደወልስ? መምህሩ ቢሰደድስ? የሰባት ዓመቷ ልጅ አሥር ዓመት እስኪሞላት ፊደል ሳታይ ብትቀርስ?» የሚለው ትዕይንት ግን በቦታው አልነበረም። አርቆ ማየት ደስ የሚለውን ነገ ብቻ መሣል ከሆነ ከስለት አይሻልም።

ምን ይደረግ?

የፍኖተ ካርታው ዘመን በ2022 ዓ.ም. ያበቃል። ተከታዩን የሚያረቁ ሰዎች ሥራውን ሲጀምሩ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ዲጂታል ኢኮኖሚ መምከራቸው አይቀርም፤ ይገባልም። ነገር ግን ረቂቁ ገና ረቂቅ ሳለ የማንኩሳ መምህር እጅ ይግባ፤ የ1964ቱ ጥናት የሞተበት መሳቢያ ዳግም አይከፈት። ገበሬውና ተማሪዋ ሐሳባቸውን አለቃ ሳያያቸው ይስጡ። ክፉው ነገም ከመልካሙ እኩል ይጻፍ፤ ይህን በመጻፍ ረገድ ደራሲና ተዋናይ ከባለሙያው ጎን የሚቀመጡበት ወንበር ሊኖር ይገባል፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ምሳሌ በቂ ምስክር ነው። ውሳኔውም በየ5 ዓመቱ ተመልሶ የሚፈተሽ ይሁን።

ከሁሉ በፊት ግን ከትምህርት ቤት ውጭ የቀሩት ልጆች በስማቸውና በዕድሜያቸው ይመዝገቡ፤ ያጡት ዓመት እንዴት እንደሚካካስ ይታቀድ። እነዚህ ልጆች በ2022 ዓ.ም. ወጣቶች ይሆናሉ፤ የቡሬ ፋብሪካ የሚጠብቀውም እነሱን ነው።